በንግድ ሥራ ዕቅድ ውድድር ለመግባት የሚጠየቁ ደንቦችና ምክንያታቸው

ንግድ ለመጀመር ወይም የተጀመረውን ለማስፋፋት የሚያስብ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚገጥመው የገንዘብ ችግር መሆኑ የታወቀ ነው። ባንክ ገንዘብ የሚያበድረው መያዣ ላለው ሰው ነው፤ መያዣውም ብዙውን ጊዜ ቤት፣ መኪና ወይም ይህን የመሰለ ንብረት ነው። ስለዚህ አሳቡ፣ ጉልበቱና ዕውቀቱ እያለው ቤት የሌለው ወጣት ከባንኩ ባዶ እጁን ይመለሳል። በታዳጊ አገሮች ይህ ችግር ሰፊ በመሆኑ መንግሥታት፣ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ባለጸጎች አንድ ሌላ በር ከፍተዋል፤ ይኸውም የንግድ ሥራ ዕቅድ ውድድር የሚባለው ነው።

በዚህ ውድድር ተወዳዳሪው በመያዣ ፈንታ የሚያቀርበው ጽሑፍ ነው። ምን ለመሥራት እንዳሰበ፣ ለማን እንደሚሸጥ፣ ምን ያህል እንደሚያወጣና ምን ያህል እንደሚያገኝ በዝርዝር ጽፎ ይሰጣል፤ ዳኞችም ዕቅዱን መርምረው ከሌሎቹ ጋር ያወዳድሩታል። ያሸነፈ ሰው የሚያገኘው ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ የማይመለስ ስጦታ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ብድር ወይም በድርጅቱ ውስጥ ድርሻ የሚያስገዛ መዋጮ ሊሆን ይችላል። ከ3ቱ የትኛው እንደ ሆነ ማወቅ የአመልካቹ የመጀመሪያ ተግባር ነው፤ ስጦታ መስሎት ብድር የፈረመ፣ ወይም ብድር መስሎት የድርጅቱን ሢሶ ለሌላ ያስተላለፈ ሰው በኋላ የሚያሰማው አቤቱታ አይጠቅመውም።

ደንቡ ለብዙ ሰው የማያስፈልግ አስቸጋሪ ነገር መስሎ ይታየዋል። ነገር ግን እያንዳንዱ ደንብ የወጣበት ምክንያት አለው፤ ምክንያቱን የተረዳ ሰውም ደንቡን ለመፈጸም አይቸገርም። ከዚህ በታች የተጻፈው ይህንኑ ለማስረዳት ነው። የተለየ ምልክት ካልተደረገበት በቀር በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1. ለምሳሌ የሚሆኑ 3 ውድድሮች

በንግድ ዕቅድ መወዳደር በመጀመሪያ የተለመደው በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ነው፤ በ1984 በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ውድድር ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። ያን ጊዜ ዓላማው ተማሪዎችን ማለማመድ ነበር። ውድድሩ ወደ ታዳጊ አገሮች ሲሻገር ግን ዓላማው ለሥራ አጥ ሥራ መፍጠር ሆነ። በአፍሪካ ከተደረጉት ውስጥ 3ቱን መመልከት ይበቃል።

አንደኛው የናይጄሪያ መንግሥት በ2011 በፕሬዚዳንት ጉድላክ ጆናታን ዘመን የጀመረው ዩዊን የተባለው ውድድር ነው። ዕድሜያቸው ከ40 ያልበለጠ የናይጄሪያ ዜጎች እንዲገቡበት የተፈቀደ ሲሆን፤ በመጀመሪያው ዙር 1,200 ሰዎች ተመርጠው እያንዳንዳቸው በአማካይ 50,000 የአሜሪካ ዶላር ያህል ተሰጥቷቸዋል።

ሁለተኛው ናይጄሪያዊው ባለባንክ ቶኒ ኤሉሜሉ በስሙ ያቋቋመው ድርጅት የሚያካሂደው ነው። ድርጅቱ በ2014 መጨረሻ በ10 ዓመት ውስጥ ለ10,000 አፍሪካውያን 100 ሚሊዮን ዶላር ለማውጣት ቃል ገባ፤ በ2015 በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫም ከ20,000 በላይ አመልካቾች ቀርበው 1,000 ተመረጡ። የሚሰጠው መነሻ ገንዘብ 5,000 ዶላር ሆኖ ሥልጠናም አለው። ኢትዮጵያ፣ ኤርትራ፣ ሶማሊያ፣ ጅቡቲ፣ ኬንያና ሱዳን ሳይቀሩ የ54ቱም የአፍሪካ አገሮች ዜጎች እንዲያመለክቱበት የተከፈተ ነው።

ሦስተኛው የቻይናው ባለጸጋ የጃክ ማ ድርጅት በ2019 የጀመረው የአፍሪካ የንግድ ጀግኖች የሚባለው ሽልማት ነው። በ2020 ለ10 ሰዎች የተመደበው ጠቅላላ ገንዘብ 1 ሚሊዮን 500 ሺህ ዶላር ሲሆን፤ የአንደኛው ሽልማት ብቻ 300,000 ዶላር ነበር።

2. ማን መግባት ይችላል

የማንኛውም ውድድር የመጀመሪያ ደንብ ስለ አመልካቹ ማንነትና ስለ ንግዱ ዕድሜ የሚናገረው ነው። ዳኞች ይህን የሚያዩት ዕቅዱን ከማንበባቸው በፊት ስለሆነ በዚህ የወደቀ ሰው አሳቡ ምንም ያህል ቢያምር አይነበብለትም።

ስለ ንግዱ ዕድሜ 3ቱ ውድድሮች የሚጠይቁት እጅግ የተለያየ ነው። የኤሉሜሉ ድርጅት የሚፈልገው ገና በአሳብ ላይ ያለውን ወይም በቅርቡ የተጀመረውን ንግድ ነው፤ በመጀመሪያ ከ3 ዓመት ያልበለጠ ይል የነበረው ወደ በኋላ ከ5 ዓመት ያልበለጠ ተብሎ ተሻሽሏል። የአፍሪካ የንግድ ጀግኖች ሽልማት ግን በተቃራኒው በሕግ የተመዘገበ፣ ቢያንስ 3 ዓመት የሠራና ገቢ ያለው ድርጅት ይጠይቃል። ዩዊን ለአዲሶቹም ለነባሮቹም ቦታ መድቦ ነበር። ስለዚህ በአንዱ በር የተከለከለ ሰው በሌላው ሊገባ ይችላል። ከዚህም ሌላ ደንቡ ከዓመት ዓመት ስለሚለወጥ፤ ባለፈው ዓመት ያመለከተውን ጎረቤት ጠይቆ መሙላት አይበቃም፤ የዚያኑ ዓመት ደንብ ማንበብ ያስፈልጋል።

የእነዚህ ልዩነቶች ምክንያት ግልጽ ነው። ለጀማሪ 5,000 ዶላር መሣሪያ ገዝቶ ለመነሣት ያስችለዋል፤ 300,000 ዶላር ግን ሒሳብ ይዞ የማያውቅ ሰው ቢቀበለው ሊያጠፋው ይችላል። ትልቁን ገንዘብ የሚሰጥ ሁሉ አስቀድሞ የሥራ ታሪክ የሚጠይቀው ስለዚህ ነው።

ስለ ዜግነት በሚመለከት፤ የጃክ ማ ድርጅት ሽልማት ራሱ ዜጋ ባይሆን እንኳ ወላጆቹ አፍሪካውያን ለሆኑ ሰው ይፈቅዳል፤ ንግዱ ግን በአፍሪካ የተመዘገበና በአፍሪካ የሚሠራ መሆን አለበት። በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ የሚኖር ኢትዮጵያዊ እዚያው ላቋቋመው ሱቅ በዚህ ውድድር ማመልከት አይችልም፤ በአዋሳ ወይም በድሬዳዋ ላቋቋመው ፋብሪካ ግን ሌላው ደንብ ከተሟላለት ይችላል።

3. ማመልከቻውን ስለ መሙላት

በመላው ዓለም የተለመዱት ደንቦች 4 ናቸው።

የመጀመሪያው፤ አንድ ሰው አንድ ማመልከቻ ብቻ ያቀርባል። ሁለት ስም ወይም ሁለት የኢሜል አድራሻ ይዞ ሁለት ጊዜ የሚያመለክት ሰው ሁለቱም ይሰረዙበታል። ምክንያቱም ውድድሩ የሚዳኘው በአሳብ እንጂ በወረቀት ብዛት አይደለም።

ሁለተኛው፤ ጽሑፉ የአመልካቹ የራሱ መሆን አለበት። እርዳታ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ሒሳብ የሚያውቅ ወዳጅ ቢያርመው መልካም ነው። ነገር ግን በገንዘብ አስጽፎ ያልገባውን ዕቅድ የሚያቀርብ ሰው ዳኞች ፊት ለፊት ሲጠይቁት ያፍራል። በመጨረሻው ደረጃ የቃል ጥያቄ የተጨመረበት ምክንያት ይኸው ነው።

ሦስተኛው፤ የቋንቋ ደንብ ነው። የአፍሪካ የንግድ ጀግኖች ማመልከቻ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ነው፤ የኤሉሜሉም ድርጅት ማመልከቻ ፖርቱጋልኛን ጨምሮ በአፍሪካ በሚሠራባቸው የውጭ ቋንቋዎች ይሞላል። አሳቡን በአማርኛ አጥርቶ ያልጻፈ ሰው በባዕድ ቋንቋ ሊያጠራው አይችልም፤ ስለዚህ በመጀመሪያ በራሱ ቋንቋ ጽፎ ጨርሶ፣ ከዚያ ቋንቋውን ከሚያውቅ ሰው ጋር ሆኖ ቢያስተረጉመው ይሻላል። በአጫጭርና በቀላል ዓረፍተ ነገር የተጻፈ ከባድ ቃል ከተከመረበት የተሻለ ይነበባል።

አራተኛው፤ የልክ ደንብ ነው። በ200 ቃል መልስ ተብሎ ሲጠየቅ በ600 ቃል መመለስ ብርታትን አያሳይም። በሺህ የሚቆጠር ማመልከቻ የሚያነብ ዳኛ ለሁሉም እኩል ጊዜ እንዲሰጥ የልኩ ደንብ ይረዳዋል።

4. ስለ ቀን፣ ስለ ሰዓትና ስለ ስም

ይህ ክፍል በተለይ ኢትዮጵያውያንን የሚመለከት ስለሆነ ተለይቶ ተጽፏል። የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር፣ የሰዓት አቆጣጠርና የስም አጻጻፍ ከውጭው የተለየ በመሆኑ፤ ብቁ የሆነ አመልካች በዚህ ምክንያት ብቻ ሊጣል ይችላል።

የትውልድ ዘመን፤ በየካቲት 1982 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1990 የተወለደ ነው። ይህ ሰው ማመልከቻው ላይ 1982 ብሎ ቢጽፍ፤ በ2025 ዕድሜው 35 ሲሆን ሰነዱ ግን 43 ያስመስለዋል። የዕድሜው ወሰን 40 በሆነበት ውድድር ያለ ጥፋቱ ይሰረዛል። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

የመዝጊያው ቀን፤ የኤሉሜሉ ድርጅት በመጀመሪያ ዓመታት ማመልከቻ ይቀበል የነበረው ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 1 ነበር። ማርች 1 በኢትዮጵያ አቆጣጠር የካቲት 22 ነው። ቀኑን በቃል ይዞ በግምት ከመሄድ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን በወረቀት ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ይሻላል።

ሰዓቱ፤ በፈረንጅ ሰዓት ከቀትር በኋላ 5 ሰዓት ሲባል በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ማለት ነው። ይህን ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው ብሎ የተረዳ ሰው 6 ሰዓት ዘግይቶ ይደርሳል። የአገሮችም ሰዓት ይለያያል፤ ሌጎስ እኩለ ሌሊት ሲሆን በአዲስ አበባ፣ በአስመራና በናይሮቢ ሁለት ሰዓት አልፏል። ከሁሉ ይልቅ ግን እስከ መጨረሻዋ ሰዓት መጠበቅ ራሱ ስሕተት ነው። መብራት ሊጠፋ፣ ኢንተርኔት ሊቋረጥ ይችላል፤ የዘገየ ማመልከቻ ደግሞ ምክንያቱ እውነት ቢሆንም ተቀባይነት የለውም። ከመዝጊያው 7 ቀን አስቀድሞ ማስገባት የብልህ ሰው ልማድ ነው።

ስም፤ ኢትዮጵያዊ የቤተሰብ ስም የለውም፤ በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ይጠራል። የውጭው ቅጽ ግን የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። አንዱ ሰነድ ላይ የአባት ስም፣ ሌላው ላይ የአያት ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ከተጻፈ፤ ወይም ጸጋዬ የሚለው ስም በላቲን ፊደል በፓስፖርቱ አንድ ዓይነት፣ በባንኩ ደብተር ሌላ ዓይነት ሆኖ ከተገኘ፤ ገንዘብ የሚልከው ባንክ ሁለት ሰዎች ናቸው ብሎ ክፍያውን ሊያግድ ይችላል። ስለዚህ መታወቂያው፣ የንግድ ፈቃዱ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩና የባንክ ሒሳቡ በአንድ አጻጻፍ የተስማሙ መሆናቸውን ከማመልከት በፊት ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

5. ዕቅዱ ምን ምን ይይዛል

ቅጹ እንደየውድድሩ ቢለያይም የሚጠየቀው ነገር አንድ ነው፤ የሚሠራው ዕቃ ወይም የሚሰጠው አገልግሎት ምንድን ነው፣ ማን ይገዛዋል፣ አሁን ገዢው ከማን ይገዛል፣ ማን ይሠራዋል፣ ምን መሣሪያ ያስፈልጋል፣ ወጪው ስንት ነው፣ ገቢው መቼ ይመጣል፣ ችግር ቢደርስ ምን ይደረጋል የሚል ነው። ከነዚህ ሁሉ ዳኛው አጥብቆ የሚመረምረው ስለ ገዢውና ስለ ሒሳቡ የተጻፈውን ነው።

ለምሳሌ ያህል አንዲት ሴት የተዘጋጀ ሽሮ በማሸጊያ አድርጋ በከተማዋ ለመሸጥ አሰበች እንበል። የቤት ኪራይ፣ የሠራተኛ ደመወዝና መብራት በወር 60,000 ብር ይሁን። አንድ ኪሎ ሽሮ ለእህሉ፣ ለቅመሙ፣ ለማስፈጫና ለማሸጊያ 160 ብር ቢያስወጣና በ200 ብር ቢሸጥ፤ ከእያንዳንዱ ኪሎ 40 ብር ይተርፋል። 60,000ው ለ40 ሲካፈል 1,500 ይሆናል። እንግዲህ ይህች ሴት ትርፍ ሳይሆን ኪሳራ እንዳይደርስባት ብቻ በየወሩ 1,500 ኪሎ መሸጥ አለባት ማለት ነው።

ዳኛው ቀጥሎ የሚጠይቀው 1,500ውን ኪሎ ማን ይገዛል ብሎ ነው። የሽሮ ፍላጎት በአገሩ ሁሉ ከፍተኛ ነው የሚል መልስ መልስ አይባልም። ከተማውን ዞራ 30 ባለሱቆችን ጠይቃ እያንዳንዳቸው በወር 20 ኪሎ እንደሚወስዱ ብታረጋግጥ ድምሩ 600 ኪሎ ብቻ ነው፤ ከዚህ የሚተርፈው 24,000 ብር ስለሆነ በየወሩ 36,000 ብር ይጎድላታል። ይህን ማወቋ ጉዳት አይደለም፤ ጉድለቱ የታየው በወረቀት ላይ ሳለ ነው፤ ቤት ተከራይታ፣ ወፍጮ ገዝታ፣ ሰው ቀጥራ ቢሆን ኖሮ የምታውቀው ጥሪቷ ካለቀ በኋላ ነበር። አሁን ግን ኪራዩ ያነሰ ቤት መፈለግ፣ ሆቴሎችንና የተማሪ ምግብ ቤቶችን ማነጋገር፣ ወይም ሥራውን በግማሽ መጀመር ትችላለች። ዕቅዱን አስተካክላ እንዲህ ብላ ብትጽፍ ዳኛው የሚያየው ገበያዋን የምታውቅ ነጋዴ ነው።

ትርፍ አለ ማለትም በእጅ ገንዘብ አለ ማለት አይደለም። ጥራጥሬ ርካሽ የሚሆነው አዝመራ በሚሰበሰብበት ወራት ሲሆን በአንድ ጊዜ በጥሬ ገንዘብ ይገዛል፤ የሽሮ ገበያ የሚደራው ደግሞ በዐቢይ ጾምና በሌሎች አጽዋማት ነው፤ ባለሱቁም ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ሸጦ ነው። ገንዘቡ ወጥቶ እስኪመለስ ድረስ ያሉት ወራት በምን ይታለፋሉ የሚለውን በየወሩ የሚገባና የሚወጣ ገንዘብ በሠንጠረዥ አድርጎ ማሳየት ያስፈልጋል።

ብዙ ሰዎች አሳባችን ይሰረቃል ብለው ዋናውን ነገር ይደብቃሉ። አሳብ ብቻውን በሕግ የማይጠበቅ መሆኑ እውነት ነው፤ ሕግ የሚጠብቀው የተመዘገበ ፈጠራን፣ የንግድ ምልክትንና የመሳሰለውን ነው። ስለዚህ ምስጢር የሆነውን ቅመም ወይም አሠራር መዘርዘር አያስፈልግም፤ ምን እንደሚሠራ፣ ለማን እንደሚሸጥና ከምን እንደሚተርፍ ግን ሳይደበቅ መጻፍ አለበት። ዳኛ ላላየው ነገር ነጥብ አይሰጥም።

6. ምርጫው እንዴት እንደሚካሄድ

ምርጫው በወንፊት እንደ ማጣራት በየደረጃው የሚደረግ ነው። የዩዊን የመጀመሪያ ዙር ለዚህ መልካም ምሳሌ ይሆናል። 24,000 ያህል ሰዎች አመለከቱ፤ ከነዚህ 6,000 ተመርጠው ለ4 ቀን የዕቅድ አጻጻፍ ሥልጠና ተጠሩ። ነገር ግን ዕቅዳቸውን ጽፈው ያስገቡት 4,500 ያህል ብቻ ናቸው። ይህም ማለት ከ18,000 ሰዎች በልጠው ከተመረጡት መካከል ሩብ ያህሉ ሌላ ሰው ሳይጥላቸው ዕቅዱን ሳያቀርቡ ቀሩ ማለት ነው። ከቀረቡት ዕቅዶች 2,400 ለመጨረሻው ምርጫ ደረሱ፤ 1,200ው አሸነፉ። እንግዲህ ዕቅዱን ጽፎ ያስገባ ሰው ዕድሉ ከ4 አንድ ያህል ሲሆን፤ ሳያስገባ የቀረው ዕድል የለውም።

ከ1,200ዎቹም 480 የተመረጡት በነጥብ ብልጫ ነው፤ የቀሩት 720 ደግሞ ለመጨረሻው ምርጫ ከደረሱት መካከል በዕጣ የወጡ ናቸው። ዕጣ መጣሉ ለአንዳንዱ ሰው እንግዳ ቢመስልም ሁለት ጥቅም ነበረው። ነጥባቸው በተቀራረበ ሰዎች መካከል አድልዎ እንዳይደረግ ከለከለ፤ እንደዚሁም ገንዘቡ በእርግጥ ለውጥ ማምጣቱን ለመመርመር አስቻለ።

የዓለም ባንክ የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ዴቪድ ማኬንዚ ዕጣ የወጣላቸውንና ያልወጣላቸውን ለ3 ዓመት ተከታትሎ በ2017 ባወጣው ጥናት፤ ዕጣ የወጣላቸው ንግድ የመክፈት፣ ንግዳቸውም ሳይዘጋ የመቆየት ዕድላቸው ከሌሎቹ መብለጡን አሳይቷል። 10 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት የማቆም ዕድላቸውም ከ20 በመቶ ነጥብ በላይ ጨምሯል። ምክንያቱም በአብዛኛው ገንዘቡ መሣሪያ ለመግዛትና ሰው ለመቅጠር ስላስቻላቸው መሆኑን አስረድቷል።

7. ገንዘቡ እንዴት እንደሚከፈል

ያሸነፈ ሰው ገንዘቡን ሁሉ በአንድ ቀን ይረከባል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። በዩዊን ገንዘቡ የተከፈለው በ4 ጊዜ ሲሆን፤ ቀጣዩ ክፍያ የሚለቀቀው ተወዳዳሪው በዕቅዱ የጻፈውን መፈጸሙ ሲረጋገጥ ነበር። ስለዚህ ለማሸነፍ ሲል በ3 ወር 50 ሰው እቀጥራለሁ ብሎ የጻፈ ሰው በ3ኛው ወር 50ውን ሰው አሳይ ይባላል። በዕቅድ ላይ የሚጻፍ ቁጥር ሁሉ የቃል ኪዳን ያህል ስለሆነ ሊፈጸም የሚችለውን ብቻ መጻፍ ይገባል።

ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ደረሰኝ ማስቀመጥ፣ የንግዱን ገንዘብ ከቤቱ ገንዘብ መለየትና መዝገብ መያዝ ያስፈልጋል። ከሽልማቱ ገንዘብ ለሠርግ፣ ለተዝካር ወይም ለዘመድ ብድር ያወጣ ሰው ሁለተኛውን ክፍያ ሊያጣ ይችላል። ግብርንም በሚመለከት አስቀድሞ የአካባቢውን የገቢዎች ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይበጃል።

8. ከአታላዮች ስለ መጠንቀቅ

ገንዘብ ያለበት ቦታ አታላይ አይጠፋም። የታወቁት ውድድሮች፣ ከላይ የተጠቀሱት የኤሉሜሉና የጃክ ማ ድርጅቶች ጭምር፣ ለማመልከት ክፍያ አይጠይቁም። ስለዚህ አሸንፈሃል፤ ገንዘቡ እንዲላክልህ ግን በመጀመሪያ ይህን ያህል ክፈል የሚል መልእክት የደረሰው ሰው ማታለል መሆኑን ይወቅ። ሳያመለክቱ ማሸነፍ የለም፤ የባንክ ምስጢር ቁጥርንም የሚጠይቅ ትክክለኛ ውድድር የለም። ዳኛ አውቃለሁ፣ ስምህን አስገባልሃለሁ እያለ በየቡና ቤቱ የሚዞር ደላላም ተወዳዳሪውን ከማሰረዝ በቀር የሚያደርግለት ነገር የለም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ምሳሌ ማስታወስ ይበቃል።

9. የአካባቢ ሹማምንት ተግባር

ከተወዳዳሪው የሚፈለገው ሰነድ አብዛኛው ከመንግሥት ጽሕፈት ቤት የሚወጣ ነው፤ መታወቂያው ከቀበሌ፣ የንግድ ምዝገባውና ፈቃዱ ከንግድ ጽሕፈት ቤት፣ የግብር ማስረጃው ከገቢዎች። አመልካቹ ዕቅዱን በደንብ ጽፎ ሰነዱ በአንድ ፊርማ ምክንያት ለ2 ሳምንት ቢዘገይ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም፤ ጉዳቱ ግን የእርሱና የከተማው ነው፤ ሊቀጠሩ የነበሩት ሰዎች የከተማው ልጆች ናቸውና።

ስለዚህ ከሹማምንት የሚጠበቀው ብዙ አይደለም። ውድድሩ ሲወጣ ማስታወቂያውን በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ ተርጉሞ ሁሉም በሚያየው ቦታ መለጠፍ፤ ለተማረው ብቻ ሳይሆን ለባለሱቋ፣ ለሸማኔውና ለአናጢውም እንዲደርስ ማድረግ፤ የመዝጊያው ቀን ያለበትን ጉዳይ አስቀድሞ መፈጸም፤ ያላዩትን ንግድ አይተናል ብለው አለመፈረም፤ ዘመዳቸው በሚወዳደርበት የአካባቢ ምርጫ በዳኝነት አለመቀመጥ ነው። ኮምፒዩተር ለሌለው አመልካች በትምህርት ቤት ወይም በቤተ መጻሕፍት ባለው እንዲጠቀም መፍቀድም ወጪ የማያስከትል ትልቅ እርዳታ ነው።

10. ላልተመረጠ ሰው

የሚያሸንፈው ከብዙው ጥቂቱ ስለሆነ፤ አለመመረጥን አስቀድሞ አስቦ መግባት ይገባል። በፈለፈሉ ያልወጣን ጫጩት ተማምኖ የሚሠራበትን ሥራ የሚለቅ፣ ከብቱን የሚሸጥ ወይም በወለድ የሚበደር ሰው የራሱንም የቤተሰቡንም ኑሮ ያናጋል።

ያልተመረጠ ሁሉ ደግሞ አሳቡ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ማኬንዚና ዳሪዮ ሳንሶኔ በ2019 ያወጡት ሌላ ጥናት እንደሚያመለክተው፤ ዳኞች የሰጡት ነጥብ በኋላ ከተወዳዳሪዎቹ የማን ንግድ እንደሚያድግ አስቀድሞ ለማወቅ ብዙም አልረዳም። ዳኛ የሚመዝነው ወረቀቱን ነው፤ ገበያ የሚመዝነው ሥራውን ነው። በወረቀቱ ያልተሳካለት በገበያው ሊሳካለት ይችላል።

ከዚህም በላይ ዕቅዱን የጻፈ ሰው ባያሸንፍም ባዶ እጁን አይወጣም። ስንት ኪሎ ቢሸጥ እንደሚያዋጣው፣ ገዢው ማን እንደ ሆነ፣ ገንዘብ የሚያጥረው በየትኛው ወር እንደ ሆነ አውቋል። ይኸው ወረቀት ተስተካክሎ ለሚቀጥለው ዓመት ውድድር፣ ለብድርና ቁጠባ ተቋም ወይም አብሮ ለመሥራት ለሚፈልግ ሸሪክ ሊቀርብ ይችላል።

ስለዚህ ለመወዳደር የሚፈልግ ሁሉ በመጀመሪያ የዓመቱን ደንብ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያንብብ፤ ቀጥሎ ሰነዶቹን በአንድ ስም ያስተካክል፤ ከዚያም ገዢዎቹን በእግሩ ዞሮ ይጠይቅ፤ ሒሳቡን ሠርቶ በመጨረሻ ይጻፍ። ማመልከቻውንም ቀኑ ከመድረሱ በፊት አስገብቶ ወደ ዕለት ሥራው ይመለስ።